የልማድ ግማሽ ዕድሜ፦ በእጅ ስልካችን የምንቆጥረው ቁጥር ምን ይለካል?

አንድ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ የልማድ መከታተያ መተግበሪያ፣ በተለምዶ «አፕ» የምንለውን፣ በእጅ ስልኩ ላይ ይጭናል እንበል። «በየቀኑ 2 የፊዚክስ ጥያቄ መሥራት» ብሎ ይመዘግባል። ጥያቄዎቹን በሠራ ቁጥር በዕለቱ ሳጥን ላይ የራይት ምልክት ያደርጋል። ስልኩም ሳይቋረጥ የተከናወኑትን ቀናት 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥርለታል። ቁጥሩ 19 ይደርሳል። በ20ኛው ቀን ተማሪው ትኩሳት ይዞት ይተኛል። በማግሥቱ ስልኩን ሲከፍት ቁጥሩ 0 ሆኖ ይጠብቀዋል። ከሳምንት በኋላም 0 ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው መተግበሪያውን ከነጥያቄዎቹ ትቶታል።

ይህን የመሰለ ታሪክ ከተማሪዎቻችን ደጋግመን ሰምተናል። እኛን የሚያሳስበን የመተግበሪያው መተው አይደለም፤ የጥያቄዎቹ መተው ነው። ከ19 ቀን ልፋት ውስጥ በአንድ ቀን ትኩሳት የጠፋው ስንቱ ነው? ስልኩ «ሁሉም» ብሎ መልሷል። ይህ መልስ ስሕተት ነው። ለእውነት የቀረበው መልስ በእርሳስና በወረቀት ሊሰላ የሚችል ሲሆን፣ ለስሌቱ የሚያስፈልገውም ሒሳብ አንባቢያችን ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ወይም ስለ ካፓሲተር ሲማር ካገኘው አይበልጥም። ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብናል።

የፍራንክሊን ደብተር

ልማድን በሠንጠረዥ መከታተል ከእጅ ስልክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በመብረቅ ላይ ባደረገው ምርምር የሚታወቀው፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅንም «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» ብለን እንድንጠራ ያስለመደን አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን (1706–1790 እ.ኤ.አ.) ጠባዩን ለማረም ያደረገውን ጥረት በግለ ታሪኩ ውስጥ ተርኳል። ሊከታተላቸው የሚፈልጋቸውን ምግባራት ዘርዝሮ በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ ጻፈ። መጀመሪያ የዘረዘራቸው 12 ነበሩ፤ አንድ ወዳጁ ትዕቢተኛ እየተባለ እንደሚታማ ቢነግረው ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመረ። በየገጹ ላይ በቀይ ቀለም ለሳምንቱ ቀናት 7 ዐምዶች፣ ለምግባራቱ 13 ረድፎች አሰመረ። በየዕለቱ ራሱን እየመረመረ ያጠፋው ነገር ካለ በሚመለከተው ሳጥን ውስጥ ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋና ትኩረቱ አንድ ምግባር ብቻ ስለሆነ፣ 13ቱ በ13 ሳምንት ያልቃሉ፤ በዓመት 4 ዙር ማለት ነው።

ነጥቦቹን እየፋቀ ሠንጠረዡን ደጋግሞ ሲጠቀምበት ወረቀቱ ተበሳሳ። ስለዚህ መስመሮቹን ከዝሆን ጥርስ በተሠሩ ገጾች ላይ አዛውሮ ነጥቦቹን በእርሳስ ማድረግ፣ ሲያስፈልግም በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግ ጀመረ። ከምግባራቱ ሁሉ እጅግ ያስቸገረው «ሥርዓት»፣ ይኸውም እያንዳንዱን ሥራ በጊዜው፣ እያንዳንዱንም ዕቃ በቦታው ማድረግ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ጽፏል። የጥናት ፕሮግራም አውጥቶ በፕሮግራሙ መሄድ የሚያቅተው ተማሪ ብቻውን አለመሆኑን ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ፍራንክሊን የሚመዘግበው ጥፋትን ነበር፤ በእርሱ ደብተር ባዶ ሳጥን ማለት መልካም ቀን ነው። የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ግን የሚመዘግቡት ክንውንን ነው። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ሌላ ነው፦ በፍራንክሊን ሠንጠረዥ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው፤ የአጠገቡን ሳጥኖች አይነካም። ባለቤቱ የሚያየው ነጥቦቹ በጊዜ ብዛት እየሳሱ መሄዳቸውን ነው።

ልማድ ምንድን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ተደጋግሞ የሚሠራን ነገር ሁሉ «ልማድ» እንላለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቃሉን ጠበብ አድርገው ይጠቀሙበታል። ለእነርሱ ልማድ ማለት አንድ የታወቀ ቀስቃሽ ምልክት ባጋጠመ ጊዜ ያለ ብዙ ማሰብ ተከትሎ የሚመጣ ድርጊት ነው። ምልክቱ ቦታ፣ ሰዓት ወይም ቀድሞ የተፈጸመ ሌላ ድርጊት ሊሆን ይችላል። ምልክቱና ድርጊቱ ተከታትለው ሲደጋገሙ በአእምሮ ውስጥ ይተሳሰራሉ።

ዌንዲ ዉድ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትንና በዚያው ጊዜ የሚያስቡትን እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። ከተመዘገቡት ድርጊቶች 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ድግግሞሽ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚፈጸሙ ሆነው ተገኙ። እነዚህን ድርጊቶች ሲፈጽሙ የተሳታፊዎቹ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ነበር።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአን ግሬቢየል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ጥናት ደግሞ ጉዳዩን ከነርቭ ሴሎች አንጻር ያሳያል። አይጦች የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ባለው መተላለፊያ ውስጥ መሮጥን ሲማሩ፣ ስትራያተም በሚባለው የአእምሯቸው ውስጠኛ ክፍል ያሉ ሴሎች እንቅስቃሴ ይመዘገብ ነበር። ትምህርቱ ገና ሳለ የሴሎቹ እንቅስቃሴ በሩጫው ልዩ ልዩ ክፍሎች ላይ የተከፋፈለ ነበር። አይጦቹ መንገዱን ሲለምዱት ግን በሩጫው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተሰበሰበ። መካከሉ አንድ ጥቅል ሆነ ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስታፈላ የኖረች እናት ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናውን እስክትጥድ ድረስ ስለ እያንዳንዱ እርምጃ አታስብም፤ ጨዋታዋንም አታቋርጥም።

እንግዲህ ልማድ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እንደ ሙቀት ወይም እንደ ቮልቴጅ መጠን ያለው፣ ቀስ እያለ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። የሚኖረውም በእኛ አእምሮ እንጂ በስልኩ ማኅደር ውስጥ አይደለም። ስልኩ 0 በማለቱ በነርቭ ሴሎቻችን መካከል የሚበጠስ ነገር የለም።

21፣ 66 ወይስ 254?

«አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚለውን አባባል ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። ምንጩ ማክስዌል ማልትዝ የተባለው የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሐኪሙ የታዘበው፣ ፊታቸው በቀዶ ጥገና የተለወጠ ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ነበር። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ወድቆ ቀረ፤ የአንድ ሐኪም ትዝብትም የተፈጥሮ ሕግ መሰለ።

ጉዳዩን በመለኪያ ለመመርመር የሞከሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው 96 ፈቃደኞች ከመብላት፣ ከመጠጣት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ አንድ አንድ ድርጊት መርጠው፣ በየቀኑ ያንኑ ምልክት ተከትለው ለ84 ቀናት እንዲፈጽሙት ተደረገ። ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት ወይም ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ ሊሆን ይችላል። ተሳታፊዎቹ ድርጊቱን መፈጸም አለመፈጸማቸውንና ሳያስቡት የመሥራቱ ነገር ምን ያህል እንደ ደረሰ በየዕለቱ ይመዘግቡ ነበር።

የተገኘው ግራፍ ለፊዚክስ ተማሪ አዲስ አይደለም። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ ወደ አንድ ጣሪያ ተጠግቶ ይዘረጋል። ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል ሲሞላ የምናየው ከርቭ ነው። የጣሪያው 95 በመቶ ላይ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ በመካከለኛ ዋጋው 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል በልማዱ ምሥረታ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። ይህ የመጨረሻው ውጤት ከቁጥሮቹ ሁሉ ያነሰ ዝና ያገኘ ነው፤ ለተማሪ ግን ከ66 ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ይመስለናል።

ስለ ቁጥሮቹም አንዳንድ ነገር ማለት ይገባል። ጥናቱ የቆየው 84 ቀን ከሆነ 254 ከየት መጣ? ከርቩን ከተለካው ክልል ውጭ በማስረዘም ነው። እንዲህ ያለው ግምት ፋይዳ ቢኖረውም የተለካ ነገር አይደለም። ከርቩ በጥሩ ሁኔታ የገጠመውም በ39 ሰዎች መረጃ ላይ ብቻ ነበር። በትንሹና በትልቁ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከ14 እጥፍ ስለሚበልጥ፣ «ልማድ 66 ቀን ይፈጃል» ማለት «21 ቀን ይፈጃል» ከማለት እምብዛም የተሻለ አይደለም።

ከርቩ ከዜሮ ተነሥቷል ብለን ብንወስድ፣ 95 በመቶ ላይ መድረስ ማለት 3 የጊዜ ቋሚዎች ማለፋቸው ነው። ስለሆነም የመካከለኛው ሰው የጊዜ ቋሚ 22 ቀን፣ የፈጣኑ 6 ቀን፣ የዘገምተኛው 85 ቀን ያህል ይሆናል። አንዱ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ ሌላው ትልቅ። በትልቁ ካፓሲተር ላይ የምንፈርድበት ምክንያት የለም፤ በዝግታ የሚሞላው በዝግታ የሚፈስም ነውና።

ሁለት ቆጣሪዎች

አሁን ወደ ትኩሳት ወደ ያዘው ተማሪያችን እንመለስ። በስልኩ ላይ የነበረው ቆጣሪ «ሰንሰለት ቆጣሪ» ሊባል ይችላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከተከናወነ 1 ጨምር፤ ካልተከናወነ ወደ 0 ተመለስ።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ ስንማር የምንሠራበት ቤተ ሙከራ ኃላፊ፣ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ከማብራታችን በፊት «ይህ የሚለካው ምንን ነው?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። ጥያቄውን በሰንሰለት ቆጣሪው ላይ እናንሣ። አንዲት ተማሪ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 6 ቀን ታጠናለች፤ እሑድ ታርፋለች። በ52 ሳምንታት 312 ቀን አጠናች ማለት ነው። የሰንሰለቷ ርዝመት ግን ከ6 በልጦ አያውቅም። ሌላው ተማሪ በመስከረም 10 ቀን በተከታታይ አጥንቶ እስከ ሰኔ ደብተሩን አልከፈተም። የእርሱ ከፍተኛ ሰንሰለት 10 ነው። በቆጣሪው ፊት አሸናፊው ሁለተኛው ነው! 312 ከ10 እንደሚያንስ የሚነግረንን መሣሪያ በቤተ ሙከራችን ውስጥ አናስቀምጥም።

ሁለተኛው ዓይነት ቆጣሪ ከዚህ ይለያል። «ሉፕ ሀቢት ትራከር» በተባለው፣ ለአንድሮይድ ስልኮች በነፃ በሚሰጥ መተግበሪያ ውስጥ ይገኛል። የፕሮግራሙ ኮድ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ የስሌቱን ቀመር ማንም ሰው ሊያነብ ይችላል። መተግበሪያው ከሰንሰለቱ ሌላ «የልማድ ጥንካሬ» የሚባል ከ0 እስከ 100 በመቶ የሚደርስ ቁጥር ያሰላል። በየቀኑ ለሚሠራ ልማድ ሕጉ የሚከተለው ነው፦ የትናንቱን ጥንካሬ በ0.948 አባዛ፤ ዛሬ ድርጊቱ ከተከናወነ 5.2 ጨምርበት፤ ካልተከናወነ ምንም አትጨምር።

0.948 ከየት መጣ? ግማሽ 13 ጊዜ ተከፋፍሎ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ 0.948ን በራሱ 13 ጊዜ ብናባዛው 0.5 ገደማ እናገኛለን። በሌላ አነጋገር፣ የዚህ ልማድ ግማሽ ዕድሜ 13 ቀን ነው። ሙሉ በሙሉ የተተወ ልማድ በ13 ቀን ውስጥ ከጥንካሬው ግማሹን ያጣል። በተቃራኒው ሳይቋረጥ የሚሠራ ልማድ በየ13 ቀኑ ከጣሪያው የቀረውን ርቀት ግማሽ ይሸፍናል። ከዜሮ ተነሥተን ሳናቋርጥ ብንሠራ በ1ኛው ቀን 5.2፣ በ2ኛው 10.1፣ በ7ኛው 31፣ በ13ኛው 50፣ በ26ኛው 75፣ በ39ኛው 87.5፣ በ52ኛው 94 በመቶ ገደማ እንደርሳለን። በዝነኛው 21ኛ ቀን ላይ ያለነው 67 በመቶ ላይ ነው። 95 በመቶን የምናልፈው በ57ኛው ቀን ሲሆን፣ ይህም ከለንደኑ ጥናት መካከለኛ ቁጥር ብዙም የራቀ አይደለም።

የታመመው ተማሪ በ19ኛው ቀን ማታ 64 በመቶ ደርሶ ነበር። በትኩሳቱ ቀን ቁጥሩ ወደ 60 ይወርዳል። ተሽሎት በ21ኛው ቀን ቢሠራ 62.5፣ በ22ኛው ቢደግም 64.4 ይሆናል። ስለዚህ በመግቢያችን ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ የጠፋው የ19 ቀን ልፋት ሳይሆን በ2 ቀን የሚመለስ 4 ነጥብ ያህል ነው። ሳምንት ሙሉ ታሞ ቢተኛ እንኳ 44 በመቶ ይቀረዋል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስም ከ8 እስከ 9 ቀን ይበቃዋል። እሑድን የምታርፈው ተማሪ ደግሞ በዚህ ቆጣሪ 86 በመቶ አካባቢ ተረጋግታ ትኖራለች፤ 6 ለ7 ሲካፈል 0.857 ነውና። መስከረም ላይ ቆሞ የቀረው ተማሪ በ10ኛው ቀን የደረሰበት 41 በመቶ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። አሁን መሣሪያው የምናውቀውን ነገር ይናገራል።

ቀመሩ የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ጥንካሬው 20 በመቶ ሳለ አንድ ቀን ብንዘል የምናጣው 1 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ በማግሥቱ ብንሠራ 4 ነጥብ እናተርፋለን። ጥንካሬው 80 ሲሆን ግን አንዱ ቀን 4 ነጥብ ያስከፍላል፤ ወደ 80 ለመመለስም 4 ቀን መሥራት ያሻል። ስለዚህ ጀማሪ ቀን ቢዘል ሊደነግጥ አይገባውም፤ ለእርሱ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ነገ መሥራት ነው።

ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። 13 ቀን የፕሮግራም አዘጋጆች ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ቋሚ አይደለም። የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ያህል ነው ስንል በአዲስ አበባም በለንደንም ያው ነው። የልማድ ግማሽ ዕድሜ ግን ከሰው ሰው፣ ከድርጊት ድርጊት ይለያያል። ውኃ የመጠጣት ልማድ ከሩጫ ልማድ ፈጥኖ እንደሚያዝ የላሊ ጥናት አመልክቷል። ቆጣሪው የሚያየው ራይት መደረጉን ብቻ ነው፤ ድርጊቱ ሳይታሰብ መሠራቱን ወይም በስንት ትግል መሠራቱን አያውቅም። ግምት ነው፤ ነገር ግን ቅርጹ ትክክል የሆነ ግምት ነው።

መለኪያው የሚለካውን ሲነካ

ቀዝቃዛ ቴርሞሜትር በስኒ ሻይ ውስጥ ሲገባ ሻዩን በመጠኑም ቢሆን ያቀዘቅዘዋል። የልማድ መከታተያም የሚለካውን ነገር ይለውጣል፤ እዚህ ላይ ግን ለውጡ በአብዛኛው የሚጠቅም ነው። ቤንጃሚን ሃርኪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት በ138 ጥናቶች የተሳተፉ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። የራስን እርምጃ መከታተል ግብን ለመምታት እንደሚረዳ፣ ክትትሉ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ሲመዘገብና ለሌሎች ሲገለጥ ደግሞ ኃይሉ እንደሚጨምር ተረጋግጧል። የክፍል ጓደኛሞች በዶርማቸው ግድግዳ ላይ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ቢለጥፉ ከንቱ ነገር አላደረጉም።

የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርለስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሣው ሐሳብ ዛሬ በስሙ ሕግ ሆኖ ይጠቀሳል፦ መለኪያ የነበረው ነገር ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል። «በየቀኑ 2 ሰዓት ማጥናት» ብሎ የመዘገበ ተማሪ 2 ሰዓት ደብተር ዘርግቶ ተቀምጦ ራይት ያደርጋል። በመጽሐፍ ፊት መቀመጥ ግን ማጥናት አይደለም። ስለዚህ የምንመዘግበው ድርጊት ለማስመሰል የሚያስቸግር ቢሆን ይመረጣል፤ «2 ጥያቄ በእስክሪብቶ እስከ መልሱ መሥራት» ከ«2 ሰዓት ማጥናት» ይሻላል። የሰንሰለት ቆጣሪ ለዚህ ሕመም ይበልጥ ያጋልጣል። ቋንቋ በሚያስተምረው በዱኦሊንጎ ውስጥ ተጠቃሚው ቀን ቢዘልም ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ የሚያደርግ «ማቀዝቀዣ» መኖሩ የታወቀ ነው። የኩባንያው ፍላጎት ተጠቃሚው በየቀኑ መተግበሪያውን እንዲከፍት ነው፤ የተማሪው ፍላጎት ቋንቋውን ማወቅ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት ከስልኩ ራሱ ይመጣል። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ቮልትሜትር ሊለካው የገባበትን ሰርኪዩት ከረንት ወደ ራሱ ይስባል። ራይት ለማድረግ ስልኩን አንሥቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር አንድ ሰዓት የሚያልፍበት ተማሪም ያለው ሁኔታ ይህ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ባለ ካሬ የሒሳብ ወረቀት የተሻለ መሣሪያ ነው። ስልክ ይዞ መግባት በማይፈቀድበት ትምህርት ቤት ለሚማሩ አንባቢዎቻችንም እንዲሁ። የእኛ ወር ምንጊዜም 30 ቀን በመሆኑ አንዴ የተሰመረው ሠንጠረዥ ለ12ቱም ወራት ይሠራል፤ ጳጉሜን ለዕረፍት ትተርፋለች። ስሌቱም ይቀላል፦ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ 24ቱ ከተከናወኑ 80 በመቶ ነው። ይህ አማካይ ከግማሽ ዕድሜው ቀመር ጋር አንድ ባይሆንም፣ ለአንድ ቀን ስሕተት የ30 ቀን ቅጣት አይበይንም።

ደወል ወይስ ምልክት?

መተግበሪያዎቹ ከሚሰጡት አገልግሎት በተማሪዎች ዘንድ ተወዳጅ የሆነው የማስታወሻ ደወል ነው። እዚህ ላይ ከብዙዎች አስተያየት እንለያለን። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የካታዚና ስታዋርዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው ጥናት 115 የልማድ መተግበሪያዎችን ከመረመረ በኋላ የራሱን ሙከራ አካሄደ። ውጤቱም ደወል ድርጊቱ እንዲደጋገም ቢረዳም፣ ድርጊቱ ሳይታሰብ የሚሠራ ልማድ እንዳይሆን እንደሚያሰናክል አመለከተ። ልማዱን ያጠናከረው ድርጊቱን ከዕለቱ ሌላ ክንውን ጋር ማያያዝ ነበር። ምክንያቱን ከላይ ከሰጠነው ትርጉም መረዳት ይቻላል። ልማድ ከምልክቱ ጋር ይተሳሰራል፤ ምልክቱ ደወሉ ከሆነ ባትሪው ባለቀ ወይም ስልኩ በተበላሸ ቀን ልማዱም አብሮ ይቀራል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ግብን «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር መልክ ማስቀመጥ ያለውን ኃይል አሳይቷል። «ዘንድሮ ጎበዝ አጠናለሁ» ምኞት ነው። «ከእራት በኋላ ከካፌ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ 2 ጥያቄ እሠራለሁ» ግን ዕቅድ ነው፤ ምልክቱም (ከካፌ መውጣት) ማንም ሳይደውል በየቀኑ ይመጣል። በቤቱ ለሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቡናው ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሣ፣ ለሌላው ከመግሪብ ሰላት መልስ ወይም ከሠርክ ጸሎት በኋላ ያለው ጊዜ ያንኑ ያህል ያገለግላል። ኅብረተሰባችን በእንዲህ ያሉ የማይናወጡ የቀን ምልክቶች ባለጸጋ ነው፤ ተማሪዎቻችን ስልካቸውን ከማስደወላቸው በፊት እነርሱን ቢቆጥሩ መልካም ነበር።

ደወል ካስፈለገ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተጠቅሞ ማጥፋት ነው። የሚከታተሉትን ልማድ ቁጥር በተመለከተ ከአንድ ወይም ከሁለት አለማለፍ ይበጃል።

በተግባር የሚያጋጥም አንድ ትንሽ ችግርም አለ። የስልኩ ቀን የሚለወጠው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የሚያጠና ተማሪ ከ6 ሰዓት በኋላ ራይት ሲያደርግ መዝገቡ በማግሥቱ ላይ ያርፍና ያለፈው ቀን ባዶ ሆኖ ይቀራል። በ«ሉፕ» ቅንብር ውስጥ አዲሱ ቀን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲዘገይ ማድረግ ይቻላል። ይህ በሌላቸው መተግበሪያዎች የዕለቱን ሳጥን ወደ ኋላ ተመልሶ መሙላት ያስፈልጋል፤ ይህም ማጭበርበር አይደለም።

መልመጃ

አንድ ተማሪ የልማዱ ጥንካሬ 80 በመቶ ደርሶ ሳለ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሄዶ 5 ቀን ቆየ። በ0.948 እና በ5.2 በመጠቀም የሚከተሉትን አስሉ።

ሀ) በ5ቱም ቀናት ምንም ሳይሠራ ቢመለስ ጥንካሬው ስንት ይሆናል?

ለ) ከተመለሰ በኋላ በየቀኑ እየሠራ 80 በመቶን ለማለፍ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ሐ) በ2ኛውና በ4ኛው ቀን ሠርቶ ቢሆን የሀ) እና የለ) መልሶች ምን ይሆኑ ነበር?

መልስ፦ ሀ) 61 በመቶ ገደማ፤ ለ) 13 ቀን፤ ሐ) 71 በመቶ ገደማ እና 8 ቀን።